ክሪስታሉን ሳሞቀው ሰዓቴ ባሰበት፤ የት ተሳሳትኩ?

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ሰዓት ነው፤ ከሱቅ ስለሚገዛው ሳይሆን ቤት ውስጥ በእጄ ስለሠራሁት።

ባለፈው መጋቢት አንድ የግድግዳ ሰዓት ሠራሁ። አራት ቀይ አሃዞች፣ አንድ ማይክሮኮንትሮለር፣ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የምትርገበገብ ትንሽዬ የኳርትዝ ክሪስታል። ቁጥሩ የዘፈቀደ አይደለም። 32,768ን 15 ጊዜ ለሁለት እየከፈላችሁ ብትሄዱ 1 ላይ ትደርሳላችሁ። ሰከንዷ ያቺ ናት። ሚያዝያ ላይ በትንሿ ተስተካካይ ካፓሲተር እያጠበቅኩ እያላላሁ ቃኘሁት፤ ልክ እንደ ክራር። በሳምንት ውስጥ መሳቱ በዓይን አይታወቅም ነበር።

ከዚያ ሐምሌ መጣ። ቤቴ አዲስ አበባ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ የክረምቱን ሌሊት እናንተው ታውቁታላችሁ። ሰዓቴ በየሳምንቱ ወደ 2 ሰከንድ ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ።

ጥፋቱ የብርዱ እንደሆነ ገባኝ። የቴሌኮምና የላቦራቶሪ ሰዓቶች ክሪስታላቸውን በትንሽ ምድጃ ውስጥ አስቀምጠው ቀን ከሌት እንደሚያሞቁት አነበብኩ። አንዳንዱ ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። እኔም አደረግኩት። ክሪስታሉን የአሉሚኒየም ቁራጭ ላይ አሰርኩት። አንድ ትራንዚስተር ማሞቂያ ሆነ፣ አንድ ቴርሚስተር ሙቀቱን ይለካል፣ ዙሪያውን በፎም ጠቀለልኩት። ሙቀቱ 60 ዲግሪ ላይ እንዲቆም ቆረጥኩለት።

ውጤቱ? በቀን 3 ሰከንድ ተኩል ወደ ኋላ! በሳምንት 2 ሰከንድ የሚስተው ሰዓት፣ ለትክክለኛነቱ ብዬ ባሞቅኩት በቀን 3 ተኩል ሳተ። ያውም ቁርጥ ያለ አይደለም፤ አንድ ቀን 3.5 ነው፣ ሌላ ቀን 3.7። ክሪስታሉ ተቃጥሎ ነው? የሚያውቅ ካለ ይርዳኝ።

(ይህ ከላይ ያለው በነሐሴ የጻፍኩት ነው። ከዚያ ወዲህ 35 መልስ መጥቷል። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ከመሃል እየጀመረ የተመለሰ ጥያቄ ስለሚጠይቅ፣ የተባባልነውን በየቁጥሩ በራሴ አባባል ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። ያሳጠርኩባችሁ ካላችሁ ቅር አይበላችሁ፤ ሁለት ሰዎችን ሆን ብዬ አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ራሳቸውን ያውቃሉ።)

1ኛ። ጨዋ ሰው ነው የከፈተው። መጀመሪያ በርታ ብሎ አመሰገነኝ። ቀጥሎ ምድጃውን ተወውና ዲኤስ3231 የሚባለውን ቺፕ ግዛ አለኝ። ክሪስታሉም ቴርሞሜትሩም አንድ ላይ በውስጡ ናቸው። በየ64 ሰከንዱ ሙቀቱን ያነባል፣ ክሪስታሉ በዚያ ሙቀት ስንት እንደሚስት ከውስጡ ካለው ሰንጠረዥ አይቶ ያርመዋል። ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ስህተቱ ከሚሊዮን 2 ነው፤ በዓመት ቢበዛ አንድ ደቂቃ። እውነቱን ነው። እኔ የጠየቅኩት ግን ለምን ባሰበት ብዬ ነበር።

2ኛ። እኔም ይህንኑ ልጠይቅ ነበር የሚል። የውይይት ክር ያለ እሱ አይሞላም።

3ኛ። ይቺኛዋ መልስ ናት ዓይኔን የገለጠችው። ጸሐፊዋ መምህርት ነች መሰለኝ፤ አስረድታ ስትጨርስ ጥያቄ ትጠይቃለች። ክሪስታሉ ምንም አልሆነም አለች። የእነዚህ ትናንሽ ክሪስታሎች ፍጥነት ከሙቀት ጋር ያለው ዝምድና የአክንባሎ ቅርጽ አለው። ጫፉ 25 ዲግሪ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ብርድ ብትሄድም ወደ ሙቀት ብትሄድም መንሸራተት ነው፤ በሁለቱም በኩል ሰዓቱ ይዘገያል። መንሸራተቱ ደግሞ በርቀቱ ልክ ሳይሆን በርቀቱ ካሬ ነው። ርቀቱን በራሱ አባዝተህ በ0.034 ስታባዛው ከሚሊዮን ስንት እንደሳተ ይሰጥሃል።

ሒሳቡን በእኔው ቁጥር ሠርታ አሳየችኝ። ከ25 እስከ 60 ያለው ልዩነት 35 ነው። 35 በ35 ሲባዛ 1,225። በ0.034 ሲባዛ ከሚሊዮን 41.65። ከሚሊዮን አንድ ማለት በቀን 0.0864 ሰከንድ ስለሆነ፣ በቀን 3.6 ሰከንድ። እኔ የለካሁት! የሐምሌውም ያው ነው። ቤቱ በአማካይ 15 ዲግሪ ከሆነ ከሚሊዮን 3.4 ይዘገያል፤ በሳምንት 2 ሰከንድ። ከዚያ ጥያቄዋን ወረወረች። ምድጃ የሚጠቅመው ስለሚያሞቅ ነው ወይስ ሙቀቱ እንዳይለዋወጥ ስለሚያደርግ? እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለቱን ለይቼ አላውቅም ነበር።

4ኛ። የእኔ ነው። አመሰግናለሁ ብዬ፣ ታዲያ ትልልቆቹ ለምን 80 ዲግሪ ላይ ያሞቃሉ ብዬ ጠየቅኩ።

5ኛ። ጋሼ የምንላቸው ገቡ። ዕድሜያቸውን በስልክ መስመር ሥራ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ክሪስታል ሁሉ አንድ አይደለም አሉ። ዋናው ድንጋዩ በየትኛው ማዕዘን ተቆረጠ ነው። የእኔዋ እንደ ሙዚቃ መቃኛ ሹካ ሁለት ጣት ያላት ናት፤ የተሠራችው ለእጅ ሰዓት ነው። የእጅ ሰዓት ከቆዳ ጋር ስለሚውል ከ25 እና ከ30 ዲግሪ ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ የአክንባሎው ጫፍ አካባቢ ይኖራል። ሰውዬው ራሱ ምድጃዋ ነው። (ይህን ካነበብኩ በኋላ አልጋዬ አጠገብ አውልቄ የማስቀምጠውን ሰዓቴን በሌላ ዓይን አየሁት።) በቴሌኮም ምድጃ ውስጥ ያለው ግን ብዙ ጊዜ በሰከንድ 10 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ክሪስታል ነው። ኤስሲ በሚባለው አቆራረጥ የተቆረጡት ሜዳ ሥፍራቸው (ሙቀቱ ትንሽ ቢናወጥም ፍጥነታቸው የማይለዋወጥበት) 80 እና 90 ዲግሪ አካባቢ እንዲውል ሆነው ተሠርተዋል። የምድጃው ሙቀት የሚቆረጠውም እዚያው ሜዳ ላይ ነው። እኔ የእነሱን ሙቀት ወስጄ ለሌላ ድንጋይ ሰጠሁ።

ጋሼ ታሪክም ጨመሩ፤ ሲጽፉ አይቸኩሉም። የመጀመሪያውን የኳርትዝ ሰዓት በፈረንጆች 1927 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ዋረን ማሪሰንና ሆርተን ሲሠሩት የጠረጴዛ ዕቃ አልነበረም፤ የላቦራቶሪ መሣሪያ ነበር። ወደ እጅ አንጓ ለመውረድ እስከ 1969 የፈረንጆች ገና ድረስ ቆየ፤ የሴይኮ አስትሮን ያን ዕለት ነው ለገበያ የቀረበው።

6ኛ። ፍራንክፈርት የምትኖር እህታችን። ይህ ሁሉ ድካም ለምን ነው፣ የሬዲዮ ሰዓት ግዙ አለች። ከእነሱ ከተማ አቅራቢያ ማይንፍሊንገን ከሚባል ቦታ ዲሲኤፍ77 የሚባል የሬዲዮ ምልክት በ77.5 ኪሎኸርዝ ይሰራጫል። ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ሳይቀር ሌሊት ሌሊት እየሰማው ራሱን ያስተካክላል።

7ኛ። እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። አንዱ ብስጩ፣ ያ ምልክት አዲስ አበባ እንደማይደርስ ሳታውቂ ነው የምትመክሪው የሚል ዓይነት ነገር ጻፈ። ፍሬ ነገሩ ልክ ነው፤ ምልክቱ የሚያስተማምነው እስከ 2,000 ኪሎሜትር ገደማ ነው። አነጋገሩ ግን አያስፈልግም ነበር። ከእሱ ይልቅ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ቁጠር አለኝ። 50 ኸርዝ ነው፤ 50 ስትቆጥር አንድ ሰከንድ።

8ኛ። እህታችን ተመለሰች። አልተሳደበችም፣ ግን አለሳልሳ ወጋችው። በፈረንጆች 2018 መጀመሪያ ላይ በኮሶቮና በሰርቢያ መካከል በኃይል አቅርቦት አለመግባባት ምክንያት የአውሮፓ መስመር ለሳምንታት ከ50 ኸርዝ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆየ። ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ፣ የኤሌክትሪኩን ምት የሚቆጥሩ ሰዓቶች ወደ 6 ደቂቃ ዘገዩ። የእሷ የማብሰያ ምድጃ ላይ ያለውም አብሮ ዘግይቶ ነበር። የአውሮፓን መስመር ያመነ እንዲህ ከሆነ ብላ ተወችው።

9ኛ። አንድ መስመር ብቻ። መብራት ሲጠፋስ ምኑን ልንቆጥር ነው የሚል። ከክሩ ሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘው እሱ ነው።

10ኛ። የድሬዳዋው ልጅ። ይህን ሰው ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን። የ3ኛዋን መልስ አንብቦ፣ ምድጃውን ከጫፉ ብዙ ሳይርቅ 30 ዲግሪ ላይ መቁረጥ ነዋ ብሎ ጀመረ። ከዚያ ራሱ አፈረሰው። ምድጃ ማሞቅ እንጂ ማቀዝቀዝ አይችልም። የተቆረጠለት ሙቀት ከክፍሉ ሙቀት ሁልጊዜ መብለጥ አለበት። ድሬ ላይ ግንቦት ውስጥ ቤቱ ራሱ 35 ይሆናል። ስለዚህ ለእሱ ቢያንስ 45 መሆን አለበት፤ እሱ ደግሞ ከአክንባሎው ቁልቁለት ላይ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ ታድላችኋል አለ።

11ኛ። ወንድም፣ ልክ ብለሃል አልኩት። እኔ 35ን መረጥኩ። ቤቴ ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮው ምክንያት ቢሞቅ እንኳ 30 አይደርስም። በ35 ላይ ሰዓቱ ከሚሊዮን 3.4 ይዘገያል፤ ግን ሁልጊዜ ያው 3.4 ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ በየ3.4 ቀኑ አንድ ሰከንድ ይጨምርለታል፣ አለቀ። የሚያሳስበው ቁልቁለቱ ነው። እዚያ ነጥብ ላይ አንድ ዲግሪ ቢናወጥ ከሚሊዮን 0.68 ይስታል። በ60 ላይ ግን አንድ ዲግሪ 2.4 ገደማ ነበር። ምድጃዬን በአንድ አሥረኛ ዲግሪ ውስጥ ካቆየሁት፣ በዓመት 2 ሰከንድ።

12ኛ። አንድ ሰው ስለ ፓሪስ የሥነ ፈለክ ጣቢያ ጻፈ። በድሮ ጊዜ ሰዓቶቹን ከ25 ሜትር በላይ ጥልቅ የሆነ ጓዳ ውስጥ ያኖራቸው ነበር፤ ከመሬት በታች በጋና ክረምት ስለማይለይ። ለምን አትቀብረውም ብሎ ጠየቀኝ። ማንም አልመለሰለትም። እኔም አልመለስኩም፤ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ከ13 እስከ 17። ይህ የክሩ ጦርነት ነው።

13ኛው ሙቀቱን እንዴት እንደምቆጣጠር ጠየቀኝ። ከተቆረጠለት ሙቀት ሲያንስ ማሞቂያው ሙሉ በሙሉ ይበራል፣ ሲበልጥ ይጠፋል አልኩ። መናወጡ ከዚያ ነው አለ። የከሰል ምድጃ አስብ፤ ከሰሉን ብታነሳም ድስቱ ጥቂት መንተክተኩ አይቀርም። ማሞቂያው ሲጠፋ በብረቱ ውስጥ ገና በጉዞ ላይ ያለ ሙቀት አለ፤ አልፎ ይሄዳል። ሲበራም እንዲሁ ዘግይቶ ይደርሳል። መፍትሔው ወደ ልኩ ሲቃረብ እየቀነሰ የሚሄድ ማሞቂያ ነው። ኤልኤም358 የምትባለዋን ርካሽ ኦፕአምፕ (ማጉያ ቺፕ) ከቴርሚስተሩና ከጥቂት ሬዚስተሮች ጋር ብታገናኛት፣ በመሃላቸው ያለውን ልዩነት አጉልታ ትራንዚስተሩን በልክ ትነዳዋለች። ፕሮግራም አያስፈልግም።

14ኛው ቴርሚስተሩ ከክሪስታሉ ጋር ተጣብቆ ይሁን አለ፤ ማወቅ የምንፈልገው የክሪስታሉን ሙቀት ነውና። 15ኛው ሞተን እንገኛለን፣ ከማሞቂያው ጋር ነው አለ፤ አለዚያ ወሬው ለኦፕአምፗ ዘግይቶ ይደርሳትና መናወጡ ይመለሳል። 14ኛው በ16ኛ መልሱ፣ አንተ በሕይወትህ አንድ ምድጃ ሠርተህ ታውቃለህ ወይ የሚል ነገር ጣል አደረገ። ሌላም ጨምሮ ነበር፣ አስተዳዳሪው ሰረዘው። የሚያሳዝነው ሁለቱም ልክ መሆናቸው ነው።

17ኛ ጋሼ ናቸው ያስታረቁት። ሽማግሌ አይጥፋ። ሦስቱ ተራርቀው ስለተቀመጡ ነው የተጣላችሁ አሉ። እንደ አውራ ጣት የወፈረ አሉሚኒየም ወስደህ ጎን ለጎን ሦስት ቀዳዳ ብሳ። ትራንዚስተሩ፣ ቴርሚስተሩና ክሪስታሉ ይግቡ፤ ክፍተቱን ሙቀት በሚያስተላልፍ ቅባት ሙላው። በመካከላቸው ጥቂት ሚሊሜትር ከሆነ የትኛው ለየትኛው ይቀርባል የሚለው ክርክር ዋጋ የለውም። ሁለት ነገርም ጨመሩ። ክሪስታሉን የሚነዳው ቺፕና ካፓሲተሮቹ እነሱም በሙቀት ስለሚለወጡ ከፎሙ ውስጥ ይሁኑ። ወደ ውጭ የሚወጡት ሽቦዎች ደግሞ ቀጫጭን ይሁኑ፣ ከመውጣታቸው በፊት በፎሙ ውስጥ ሁለት ሦስት ዙር ይዙሩ። ብርድ የሚገባው በሽቦ ነው።

እንዳሉት ሠራሁት። የብየዳ ቅሪቱን በአልኮል አጠብኩ። ካላጠቡት ክረምት ላይ እርጥበት ይስብና ያን ደካማ ምት ያዛባዋል።

18ኛ። ምድጃ ለሚሠራ ሁሉ የሚጠቅም ነው። የጸሐፊው ቴርሚስተር ሽቦ ሌሊት ተቋረጠ። ቴርሚስተር ሲበርደው ነው ሬዚስታንሱ የሚጨምር፤ የተቋረጠ ሽቦ ደግሞ ለኦፕአምፗ ማለቂያ የሌለው ብርድ ነው። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ጠዋት ሲነሳ ፎሙ ቀልጦ ትራንዚስተሩ ላይ ተለጥፏል። ከማሞቂያው ጋር የሙቀት ፊውዝ በተከታታይ አስገቡ። ከሩዝ ማብሰያ ላይ የሚነቀለው ይሆናል ብሏል፤ እኔ ግን ዝቅ ባለ ሙቀት የሚቆርጥ አዲስ ገዝቻለሁ።

19ኛ። ስለ መብራት መጥፋት በቁም ነገር የተጠየቀበት። መለካት ነበረብኝና ለካሁ። ምድጃዬ ከሞቀ በኋላ በ12 ቮልት 40 ሚሊአምፒር ይወስዳል፤ ግማሽ ዋት የማይሞላ። ባለ 7 አምፒርሰዓት የዩፒኤስ ባትሪ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም እንኳ ከ3 ቀን በላይ ያቆየዋል። እነዚያን ትልልቅ የቴሌኮም ምድጃዎች ከቁርጥራጭ ገበያ የምታገኙ ግን ተዘጋጁ። ሞቀው እንኳ አንድ ሁለት ዋት ይፈልጋሉ፣ ሲነሱ ደግሞ ብዙ እጥፍ። ጋሼ ይህን አይተው፣ ጠፍቶ የተነሳ ምድጃ ወደ ነበረበት ቦታ ልክ አይመለስም፤ ለቀናት ተዉት አሉ።

20 እና 21። ወደ ዲኤስ3231 የተመለሱ። 20ኛው ሰማያዊ ቦርድ ላይ የሚሸጠውን ገዝቶ፣ ክቡ ባትሪ አብጦ እንደጠበቀው ነገረን። ይህ በእኔም ደርሷል። ስሙን የማልጠራው ሱቅ ቦርዱን ሲሸጥልኝ ቻርጅ የማይደረገውን ሲአር2032 ባትሪ አብሮ ሰጠኝ። ቦርዱ ላይ ግን በዲዮድና በሬዚስተር የተሠራ ቻርጅ ማድረጊያ አለ፤ በ5 ቮልት ስታስነሱት ቻርጅ የማይደረገውን ባትሪ ቻርጅ ያደርገዋል። ወይ ዲዮዷን ንቀሉ፣ ወይ ቻርጅ የሚደረገውን ኤልአይአር2032 ግዙ። 21ኛው ቺፑ መጨረሻ ላይ ኤም ያለበት ከሆነ ሌላ ዕቃ መሆኑን አስታወሰን፤ ስህተቱ ከሚሊዮን 5 ነው። ለግድግዳ ሰዓት ደህና ነው። ሻጩ ግን ሊነግራችሁ ይገባ ነበር።

22ኛ። ብስጩው የ7ኛው ሰውዬ። ሳልወድ በግዴ የክሩ ሁለተኛ ጠቃሚ መልስ የእሱ ነው። ሰዓትህ ትክክል መሆኑን በምን አመሳከርከው አለኝ። ከስልኬ ጋር አልኩ። ሳቀብኝ። የስልክ ሰዓት ራሱ እስከ አንድ ሰከንድ ሊስት ይችላል፤ ዓይንና ጣት ደግሞ 0.2 ሰከንድ ይሳሳታሉ። በእንደዚህ ያለ ዓይን ከሚሊዮን 0.1 የሚሆን ለውጥ ለማየት ከ3 ሳምንት በላይ መጠበቅ አለብህ አለ። ርካሽ የጂፒኤስ ሞጁል ግን በየሰከንዱ አንድ ምት የምታወጣ እግር አላት። ያቺ ምት ከ100 ናኖሰከንድ በላይ አትስትም። የሰዓትህን ምትና የእሷን ምት ጎን ለጎን አድርገህ በመሃላቸው ያለውን ክፍተት ለካ። ክፍተቱ በየሰከንዱ በ100 ናኖሰከንድ ካደገ ከሚሊዮን 0.1 ስተሃል ማለት ነው። 3 ሳምንት የነበረው ሥራ ሩብ ሰዓት ገደማ ሆነ።

23ኛ። ጂፒኤስ ካለህ ክሪስታሉ ለምንህ ነው የሚል። መምጣቱ አይቀርም ነበር።

24ኛ። መምህርቷ። አስተማሪ ፈተና ላይ አጠገብህ አይቀመጥም ብላ ዘጋችው። እኔም ሞጁሏን ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ የማስቀምጠው ለዚህ ነው።

25ኛ። ሞጁሏ ቤት ውስጥ ሳተላይት አልያዘችልኝም ብዬ ጻፍኩ። ቆርቆሮ ነዋ አሉኝ፣ መስኮት ላይ አንጠልጥላት። ሌላው ደግሞ ገና ስትበራ የምትሰጠውን ሰዓት እንዳላምን አስጠነቀቀኝ። የጂፒኤስ ጊዜ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 18 ሰከንድ ይቀድማል። ሞጁሏ ይህን ቁጥር ከሳተላይት እስክትሰማ 12 ደቂቃ ተኩል ሊፈጅባት ይችላል፤ እስከዚያ ስትሠራ የተጫነባትን አሮጌ ቁጥር ትጠቀማለች። በጥቂት ሰከንድ ትስታለች ማለት ነው። ምቷ ግን ከመጀመሪያው ልክ ናት።

ከ26 እስከ 29። ከርዕስ ወጣን። አንዱ ሰዓትህ ስንት ሰዓት ነው የሚያሳየው ብሎ ጠየቀ፤ የእኛን ነው የፈረንጁን? የእኛን አልኩ፤ 6 ሰዓት መቀነስ ነው። እስራኤል የሚኖር ወንድማችን ቀኑስ መቼ ይቀየራል አለና ክሩ ነደደ። የፈረንጁን እኩለ ሌሊት ይዘህ የእኛን ሰዓት ማሳየት ግማሽ ልጅ ግማሽ ሽማግሌ ነው የሚሉ አሉ። ቀን የሚጀምረው ጠዋት በ12 ሰዓት ነው የሚሉ አሉ። በዓል ከዋዜማው ምሽት ይገባል የሚሉም አሉ። አንዱ የሌላውን ሃይማኖት ሊያነሳ ሲል አስተዳዳሪው ገባ። ከዚህ ሁሉ የተረፈኝ አንድ ነገር ነው። የጳጉሜን ስሌት ተሳስቼ ኖሯል። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ ምንም ሳይተርፍ ነበር 6 ቀን የምሰጣት፤ 3 ሲተርፍ ነው እንጂ። 2015 6 ነበረች፣ ቀጣይዋ 2019 ናት። ሰከንድን ከሚሊዮን 0.1 አስተካክዬ በአንድ ቀን ልሳሳት ነበር።

30ኛ። ጥቅምት ላይ የጻፍኩት ውጤት። በ30 ቀን 0.3 ሰከንድ ቀደመ። ደስ ብሎኛል፤ ግን በየሳምንቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው። ምድጃው ቢናወጥ ወዲያም ወዲህም ይል ነበር።

31ኛ። ጋሼ። እርጅና ነው አሉ፣ የእኔን ሳይሆን የክሪስታሉን። አዲስ ክሪስታል በመጀመሪያው ዓመት ከሚሊዮን እስከ 3 ሊሄድ ይችላል፤ እያደር ይረጋጋል። አትነካካው፣ ጻፍ፣ ጠብቅ። የማስተካከያ ካፓሲተሯን ለመንካት ፎሙን በከፈትክ ቁጥር ታሪኩን ከመጀመሪያው ትጀምረዋለህ። እጄን ሰብስቤ ተቀምጫለሁ።

32 እና 33። ክሪስታሉ መርካቶ ስንት ነው፣ በቴሌግራም አናግረኝ። አላናገርኩም።

34ኛ። የድሬዳዋው ልጅ በኅዳር ተመለሰ። ማንም ያልመለሰለትን 12ኛውን መልስ ለካ አንብቦታል። ግቢያቸው ውስጥ ማንጎ ጥላ ሥር አንድ ሜትር ተኩል ቆፍሮ፣ ክሪስታሉንና ቺፑን በደንብ በታሸገ የፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ ከእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጋር ቀበረው። ሽቦው ብቻ ወደ ቤት ይገባል። መሬት በዚያ ጥልቀት ከአካባቢው የዓመት አማካይ ሙቀት ብዙ አይርቅም። የእነሱ ጉድጓድ 27 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በወር ውስጥ የተንቀሳቀሰው ግማሽ ዲግሪ አይሞላም። 27 ደግሞ ከአክንባሎው ጫፍ ሁለት እርምጃ ነው። እዚያ አንድ ዲግሪ ቢናወጥ እንኳ ከሚሊዮን 0.14 ብቻ ይስታል፤ የእኔ ምድጃ ላይ 0.68 ነው። በጂፒኤስ አመሳክሮታል፤ በ30 ቀን ከ0.1 ሰከንድ በታች። ማሞቂያ የለ፣ ፎም የለ፣ ባትሪው ክሪስታሏን ብቻ ነው የሚመግበው።

አዲስ አበባ ያላችሁ ታድላችኋል ያለው ይኸው ልጅ ነው።

35ኛ። የእኔ፣ ትናንት የጻፍኩት። ቴርሞሜትር ይዤ ግቢያችን ውስጥ ቆፈርኩ። 17 ዲግሪ። ከአክንባሎው ጫፍ በወዲያኛው በኩል 8 ዲግሪ ወርዶ፤ ቁልቁለቱ ከምድጃዬ ብዙም አይሻልም። አከራዬ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሰዓት እያስተካከልኩ ነው አልኳቸው። ጥቂት አዩኝና፣ ስትጨርስ ድፈነው ብለውኝ ገቡ።